ጠፍር ጎንጓኙን ፍለጋ፤ ከአምቦ እስከ ሸነን

ከአምቦ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ ስለ ውሃው ብቻ ነው። «ከምንጩ ጠጣሽ? እውነት ከመሬት ሲወጣ ይፈላል?» ይሉኛል። እኔ ግን ስምንት ቀን የከረምኩት የጠፉ ሰዎች መመዝገቢያ ፎርም ተሸክሜ ነው፤ ይዤ የመጣሁትም የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ነው። በየደጁ ቆሜ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁኝ፣ ወይንሸት እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። ቁጥሩን ረስቶ የመጣ ሕመምተኛ ከሕመሙ ይልቅ እኔን ይፈራ ነበር ይባላል፤ ሐሰት ነው አልልም። አሁን የምሠራበት ቢሮ የጠፋ ዘመድ ለሚፈልጉ ሰዎች የቆመ ነው። ፖሊስ የራሱ መዝገብ አለው፣ ጤና ጣቢያ የራሱ፣ መጠለያ የራሱ፣ እድርም የራሱ። የእኛ ሥራ እነዚህን መዝገቦች ማስተዋወቅ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን የታሰበውን ፎርም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አምቦ የሄድኩትም መዝገብ ያዦችን በዚህ ፎርም ላሠለጥን ነው፤ ስሄድ እኮራበት ነበር።

ሰኞ

ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ አዲስ አበባ አስኮ መናኸሪያ ስደርስ የአምቦ መኪና ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ፎርሞቼ የታሸጉበትን ካርቶን ጣሪያ ላይ ጫኑብኝ። ሆለታን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ፤ እኔም ጩኸቴን ለቀቅኩት። ሾፌሩ እስከ አዲስ ዓለም ቻለኝና በመጨረሻ አቆመ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ወርደው ለእህላቸው የገዙትን አዲስ ላስቲክ ካርቶኑ ላይ አለበሱልኝ።

«ምንድን ነው ውስጡ፣ እናቴ?» አሉኝ ሲመለሱ።

«ፎርም ነው።»

«ፎርም? እኔ እኮ አጯጯህዎን ሰምቼ እንቁላል መስሎኝ ነው!»

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

አምቦ ስወርድ የአገሬን ካፖርት እንደለበስኩ ነበርና ላብ አጠመቀኝ። እኛ ዘንድ በዚህ ወር ጋቢ ከትከሻ አይወርድም፤ እዚያ ሰው በሸሚዝ ይንሸራሸራል። መናኸሪያ የተቀበሉኝ ኦቦ ለሜሳ ናቸው። በአምቦ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የሒሳብ መምህር ነበሩ። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። እንደኔ ላለች ጯሂ እንዲህ ያለ ሰው መላክ የእግዜር ጥበብ ነው።

የያዙልኝ ሆቴል ውሃ አልነበረውም። አገር ሙሉ በጠርሙስ ውሃ የሚልክ ከተማ ፊቴን መታጠቢያ ነፈገኝ ብዬ ሳማርር ኦቦ ለሜሳ ሻንጣዬን አንስተው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሙቅ ውሃ አቀረቡልኝ፤ ጭኮ አበሉኝ። ካርቶኑ ሲከፈት ግማሹ ፎርም እርጥብ ነበር። አዴ ጫልቱ ምንም ሳይሉ የከሰል ካውያቸውን አቀጣጥለው አንድ በአንድ ተኮሱት። ወረቀት ሲተኮስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማክሰኞ

ሥልጠናው ተጀመረ። ሠልጣኞቹ የአምቦ መዝገብ ያዦች ሲሆኑ እያንዳንዱ መዝገቡን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሜ ጽፌ ነበር። አንደኛው ባዶ እጁን መጣ።

«መዝገብ ያለ ደብዳቤ ከቢሮ አይወጣም» አለኝ።

«ደብዳቤው ይኸው፤ ጽፌዋለሁ።»

«ማኅተም የለውም።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙ ያዡ ጋ ነው። ያዡ ደግሞ ጉደር ለቅሶ ሄዷል።»

ካርድ ክፍል የሠራ ሰው በዚህ መቆጣት አይገባውም፤ እኔም ስንቱን በማኅተም መልሻለሁ። ግን ተቆጣሁ። ኦቦ ለሜሳ ቀስ ብለው ተነሱና «መዝገቡ መምጣት ካልቻለ እኛ እንሂድለት» አሉ። ወንበራችንን ተሸክመን፣ ሻያችንን በፔርሙስ ይዘን በአምቦ ዋና መንገድ ተሰለፍን። ባጃጆች ጥሩምባ ነፉልን። መዝገቡ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ተቀመጥንና ሥልጠናው ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ በኦቦ ለሜሳ ቢሮ አንድ ቤተሰብ በአዲሱ ፎርም ልንመዘግብ ቀጠሮ ነበረን። የመጣችው ጌጤ ናት፤ አምቦ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጥ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት። አባቷ ኦቦ ዲንቃ የሸነን ሰው ናቸው፤ ኮርቻ ሠሪ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምሯቸው ነበር። ከሰባት ወር በፊት ቆዳ ልገዛ ብለው ለገበያ እንደወጡ አልተመለሱም። ወንዙ ተፈልጓል፣ ጫካው ተፈልጓል። ጌጤ በየሳምንቱ ቢሮው ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች።

«አሁን ግን ጊዜ የለኝም» አለች። «አጎቴ እሁድ ሊያለቅስለት ነው። ድንኳን ተከራይቷል። አባቴ ግን አልሞተም። ልቤ አልሞተም ይለኛል።»

ፎርሜን ዘርግቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ምን ለብሰው ነበር? «ጋቢ።» ቁመታቸው? «እንደ ሰው።» ጥርሳቸው? «የቀረው ቀርቷል።» ጠባሳ አላቸው? «ገበሬ ሆኖ ጠባሳ የሌለው አለ እንዴ?» ገጹ ባዶውን ቀረ። ትዕግሥቴ አለቀና «የገዛ አባትሽን መልክ አታውቂም?» ብዬ ክፉ ቃል አወጣሁ። ጌጤ አንገቷን ደፋች። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ኦቦ ለሜሳ ወንበራቸውን አስጠጉና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ጌጤ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ እጇን እያወናጨፈች አወራች፤ ኋላ እንደተነገረኝ የአባቷን ቀኝ አውራ ጣት ወስፌ የወጋበትን ሳይቀር። እሳቸው ደግሞ በተተኮሰው ፎርሜ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ።

እሷ ስትወጣ «ፎርሙን አበላሹብኝ» አልኳቸው። «ምን ብለው ነው የጠየቋት?»

«አባትሽ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እጁ ምን ይሠራል ነው ያልኳት። አዴ ወይንሸት፣ አይቀየሙኝ፤ ይሄ ፎርም ልብስ፣ ጥርስ፣ አጥንት ነው የሚለው። የሚጠይቀው ስለ ሬሳ ነው። ልጅቱ የምትፈልገው የቆመ ሰው ነው።»

ፎርሙን አንስቼ ጥያቄዎቹን ደግሜ አነበብኩ። ለካ ያንን ሁሉ ፎርም ያዘጋጀሁት ሰው ሁሉ ሞቶ ይገኛል ብዬ ነው።

ረቡዕ

ከጌጤና ከኦቦ ለሜሳ ጋር ወደ ሸነን ወረድን። ከጉደር ወዲያ ያለው አገር ለዓይን ይከብዳል፤ የኛ ሜዳ ጠፍጣፋና ነፋሻ ነው፣ ይሄ ግን ዳገት በዳገት፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው። ሸነን ሊደረስ ጥቂት ሲቀር መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሳንጠራቸው ዕቃቸውን አስቀምጠው ገፉልን። እኔም ልግፋ ብዬ ወርጄ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ብንቆፍር ብንቆፍር አልተገኘም። «ይኸው አንድ የጠፋ መዝግቡልኝ» ብል ኦቦ ለሜሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርሳቸው ሳቁ።

የጌጤ አባት ቤት ስንደርስ የአጎቷ ሚስት እግሬን አጥበው የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አጠለቁልኝ። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። እኛ አገር ቆጮን «የጉራጌ ምግብ» ብለን እንተወዋለን፤ ሞኞች ነን። ሦስቴ ተጨመረልኝ።

አጎቷ ኦቦ ቶሎሳ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ጓሮ ውስጥ የኦቦ ዲንቃ ዳማ ፈረስ ታጥቦ፣ ተቦርሾ ታስሯል። ለሟች ክብር ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቀስተኛው መሐል ይመራል። እኛም ዘንድ ሽማግሌዎች ይህን ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ግን ፈረሱም የለንም።

«ለምን ይቸኩላሉ?» አልኳቸው።

«ቸኮልኩ?» አሉ። «ሰባት ወር ሙሉ ወንድምህ የት ነው ሲሉኝ ‹አለ› እላለሁ። የት? አላውቅም። ያልተለቀሰለት ሰው ከሙትም ከሕያውም አይቆጠርም። እኔ ወንድሜን በመሐል አልተወውም፣ አዴ።»

ሰውየው ጨካኝ መስለውኝ ነበር፤ ያየሁት ግን እንቅልፍ ያጣ ወንድም ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ከጓዳ አንድ መጫኛ አወጡ፤ ኦቦ ዲንቃ በመጨረሻ የጎነጎኑት ነው። ስምንት የቆዳ ጠፍር ገብቶበታል። ጌጤ እጄን ይዛ አስዳሰሰችኝ። ሌላ ሰው የጎነጎነው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ይሄ ወደ ግራ ነው፣ አባቷ ግራኝ ናቸውና። ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቋጠሮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «በዚህ አገር እንዲህ የሚቋጥር ሌላ የለም» አለች። ኦቦ ለሜሳ በስልካቸው ፎቶ አነሱት።

ስንሰናበት ኦቦ ቶሎሳ «ሰው ጠርቻለሁ፣ ጠላው ተጠንስሷል» አሉን። «እሁድ ጠዋት ፈረሱ ይወጣል። እስከዚያ የምታመጡት ካለ አምጡ።»

ሐሙስ

በዚህ ቀን የሠለጠኑት ከአምቦ ውጭ ካሉ ከተሞች የመጡ ናቸው። ጠዋት ተነስቼ ፎርሙ የኔ ስህተት እንደሆነ በሰው ፊት ተናገርኩ። ከዚያ መዝገቦቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ስም የሌላቸውን ሰዎች ብቻ አንድ በአንድ እያነበብን «ይሄ ሰው ምን ያደርጋል? ምን ይዘፍናል? ምን አልበላም ይላል?» እያልን ተጠያየቅን። ክፍሉ ተንጫጫ። በመዝገብ «ያልታወቀ፣ ወንድ» የተባለው ሁሉ ሰው ሆኖ ተነሳ።

ከዚያ ወደ ጠፉት መዝገብ አልፈን የኦቦ ዲንቃ ተራ ሲደርስ የመጫኛው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከኋላ የተቀመጠችው ሲስተር ሙሉ ጋ ሲደርስ ዘላ ተነሳች። ሲስተር ሙሉ ጊንጪ ውስጥ ሰዎች አዋጥተው ባቋቋሙት ትንሽ የአረጋውያን መጠለያ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ይሄማ ብርድ ልብሴን የጨረሰው ሰውዬ ነው!»

«የትኛው ሰውዬ?» አልናት ሁላችን ባንድ ድምፅ።

«አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መንገድ ዳር አግኝቼው ነው ብሎ ያመጣቸው ሽማግሌ አሉ። አይናገሩም። ጋቢያቸው ስለቆሸሸ አውልቀን ካፖርት አልብሰናቸዋል። ቀኑን ሙሉ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ክር እየመዘዙ ይጎነጉናሉ። ስንቴ ተጣላኋቸው! ሁሌ ጫፉ ላይ እንዲህ ሁለት ቋጠሮ አለ።»

ብርድ ልብሶቹ የደብረ ብርሃን ሥራ መሆናቸውን ስትጨምርልኝ ቆሜ አጨበጨብኩ። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ለጌጤ ልደውል ስል ኦቦ ለሜሳ እጄን ያዙኝ።

«ደንቡ ምን ይላል?»

ደንቡ ሳይረጋገጥ ለቤተሰብ አይነገርም ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ጣቴን እየቀሰርኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ሐሙስ ልሽረው የተነሳሁትም እኔው። ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ

ጌጤን «አንድ ሰው እንድታዪልን ነው፤ ልብሽን አትስጪ» ብለን ወደ ጊንጪ ይዘናት ሄድን። መጠለያው ስንደርስ ኦቦ ለሜሳ የብዙ ሽማግሌዎችን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉላት። ጣቷ አንዱ ላይ አረፈ። ካፖርት የለበሱት፣ ፂማቸው የተላጨው ላይ።

ሰውየው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጌጤ ሮጣ አጠገባቸው ተንበረከከችና «አባ ኮ!» አለች። ቀና ብለው አዩዋት፤ እንደማያውቁት ሰው አይተዋት ወደ ክራቸው ተመለሱ። ደጋግማ ጠራቻቸው። ምንም። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ ያንን ለማየት አቅም አልነበረኝም።

ጌጤ ግን እንባዋን ጠረገችና ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። የክሩን ሌላኛ ጫፍ አንስታ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች። ኋላ እንደነገረችን መጫኛ ሲጎነጎን አንዱ ጫፉን ይይዛል፤ ልጅ ሳለች ያዡ እሷ ነበረች። ሽማግሌው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠመዘዙ። ክሩ ላላ አለባቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ቀና ሳይሉ፣ በጎረነነ ድምፅ «ጀቤሲ ቀቢ፣ ጌጤ» አሉ። አጥብቀሽ ያዢ ማለታቸው ነው።

ሲስተር ሙሉ ጮኸች፤ ከመጡ ጀምሮ ከአፋቸው አንድ ቃል ሰምታ አታውቅም። ጌጤ እያለቀሰች አጥብቃ ያዘች። ኦቦ ለሜሳ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ። እኔ ያለሀፍረት እልል አልኩ። በቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ጌጤ የነገረችን የወስፌ ጠባሳም ተገኘ፤ መዝገቡ ተሞላ።

ኦቦ ቶሎሳ ጋ ብንደውል ኔትወርክ የለም። መጠለያውም ሰውን የሚያስረክበው የአምቦ ቢሮ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ነው አለን። «በቃ፣ አለቀልን» አልኩ። ያ ጉደር ለቅሶ ላይ የነበረው ማኅተም ያዥ ግን ተመልሶ ነበርና ኦቦ ለሜሳ ሲደውሉለት ማኅተሙን ኪሱ ከቶ በሚኒባስ ጊንጪ ድረስ መጣልን። ደብዳቤው ላይ ሲመታው ጠረጴዛው ተናወጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ማኅተም አላየሁም።

ቅዳሜ

ሐኪም አይቷቸው ለመንገድ ይበቃሉ እስኪል ጠበቅን። አምቦ አዴ ጫልቱ ቤት አደርን፤ ሽማግሌው ገንፎ በቅቤ በሉ። ኔትወርኩ አሁንም አልተመለሰም፤ ወደ ሸነን መልእክት የሚያደርስልንም ሰው አላገኘንም።

እሁድ

ሸነን ስንደርስ ረፍዷል። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጥለት። ዳማው ፈረስ ተሸልሞ ከግቢው እየወጣ ነው፤ ልጓሙን የያዙት ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ናቸው። ሙሾው ተጀምሯል።

መኪናችን በሰው መሐል ቀስ እያለ ገባ። ጌጤ በሩን ከፈተችና አባቷን ደግፋ አወረደቻቸው። መጀመሪያ ያዩት ሴቶች ሙሾውን አቋረጡ። ዝምታው እንደ ውሃ እየተስፋፋ ሜዳውን ሞላው። ኦቦ ዲንቃ ማንንም አላዩም። ሰው መንገድ ሲለቅላቸው ቀጥ ብለው ወደ ፈረሱ ሄዱ። ኮርቻውን ዳሰሱ፤ እጃቸውን በፈረሱ ሆድ ሥር ወደ ማሰሪያው ሰደዱ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄን ማን ነው የጫነው?» አሉ ወንድማቸውን አፍጥጠው እያዩ። «ላልቶ! ሰው ልትገድሉ ነው?»

ፈትተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። ያኔ ሜዳው ፈነዳ። እልልታው፣ ፉጨቱ፣ የሚወድቀው፣ መሬት የሚስመው! ኦቦ ቶሎሳ ልጓሙን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ድንኳኑ አልተነቀለም፤ ለለቅሶ የተጠመቀው ጠላ ለደስታ ተጠጣ። እኔም በኮንጎ ጫማዬ ጨፈርኩ። ያየኝ የደብረ ብርሃን ሰው አልነበረምና ተመስገን።

ኦቦ ዲንቃ ድነዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ያን ቀን እንኳ ወንድማቸውን ሁለቴ «ማነህ?» ብለዋቸዋል። ግን ቤታቸው ናቸው።

ሰኞ

የመመለሻዬ ቀን ነው። ልሰናበት ጠዋት ቢሮው ስሄድ ደጃፉ ላይ ሰልፍ አገኘሁ። የሸነን ሰዎች ናቸው፤ እሁድ ሊያለቅሱ መጥተው ኦቦ ዲንቃን ያዩ። ፎቶ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የመጣ አለ። ለዓመታት ሟርት ይሆናል እያሉ፣ ወይም ማን ይሰማናል እያሉ፣ ወይም ፈርተው ያላስመዘገቧቸው ሰዎች አሏቸው። አንዱ ለሥራ ወጥቶ ቀርቷል፣ ሌላው በግርግሩ ዓመታት ጠፍቷል። በጠዋት መኪና ይዘዋቸው የመጡት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ሰልፉን እየዞሩ «ተራ በተራ፣ አትጋፉ» ይላሉ።

የየቢሮው መዝገብ ያዦች ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ መዝገባቸውን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ተስማምተዋል። ማኅተም ያዡም በቋሚ ፈቃድ ደብዳቤ ላይ መትቶላቸዋል። ለስንቱ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ሁሉም እንደ ኦቦ ዲንቃ በእግሩ ይመጣል ብዬ አላታልልም።

ከሰልፉ ፊት አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ገቡና አልቀመጥም ብለው ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ከሄደ ስንት ዘመኑ። ድንኳን ጥለን፣ አልቅሰን፣ ፀጉሬን ተላጭቼለት አበቃን። የቀበርነው ግን የለም። እንዲህ ያለውም ይመዘገባል?»

ኦቦ ለሜሳ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ወንበራቸውንም ለአሮጊቷ አስጠጉ።

«ይመዘገባል፣ ሃዳ ኮ፣ እናቴ» አሉ። «ይቀመጡና ስለሱ ይንገሩን።»